የእድራችን ደብተር ይቆይልን

ለእድራችን የሥራ አመራር ኮሚቴ
ለእድሩ አባላት በሙሉ
ጅማ

ጉዳዩ፦ የአባላትን ፊት፣ መኖሪያና እንቅስቃሴ በስልክ መተግበሪያ ለመመዝገብ የቀረበውን ሐሳብ ይመለከታል

የተከበራችሁ የእድራችን ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና የኮሚቴ አባላት፣ የተከበራችሁ ጎረቤቶቼ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ «እድራችንን እናዘምን» በሚል ርእስ ቀርቦ ለቀጣዩ ጉባኤ በቀጠሮ ስላደረው ሐሳብ ነው። በዕለቱ እጄን አውጥቼ ጥቂት ተናግሬ ነበር፤ ነገር ግን የጅማ ዝናብ እንደ ልማዱ ሳይታሰብ ወርዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከፊት ወንበር ከተቀመጡት አባቶች በቀር የሰማኝ አልነበረም፤ እነሱም ቢሆኑ በግማሽ ነው የሰሙኝ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ኮሚቴውን በአደባባይ ለመውቀስ ብዬ ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ሐሳብ በከተማችን ባሉ ሌሎች እድሮችም ዘንድ እየተነሳ መሆኑን ከደንበኞቼ ስለምሰማ ነው።

በቀረበው ሐሳብ መሠረት እያንዳንዱ አባል አንድ መተግበሪያ ስልኩ ላይ ይጭናል፤ በእሱም ፊቱን ፎቶ ይነሳል፣ የፋይዳ መታወቂያውን ፎቶ ያስገባል፣ የቤቱን ሎኬሽን ካርታ ላይ ያስመዘግባል፣ የቤተሰቡን አባላት ስም ከነዕድሜያቸው ይሞላል። መዋጮ የሚከፈለው በመተግበሪያው ብቻ ይሆናል። ቀብር ላይ የተገኘውና የቀረው የሚለየው በስም ጥሪ መሆኑ ቀርቶ በስልኩ ሎኬሽን ይሆናል። በጥሩምባ ፋንታ መልእክት ይላካል። በዕቃ ቤታችንና በግቢው ላይም የኮሚቴው አባላት ከያሉበት ሆነው በስልካቸው የሚያዩት ካሜራ ይተከላል። ይህን ሁሉ ያዘጋጀው የሰፈራችን ልጅ ጎበዝ ነው፤ ሥራውን ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ የተጠና ሥራ ነው። እኔን ያሳሰበኝ እድሩ ስለ አባላቱ ሊያውቅ የፈለገው ነገር ብዛት ነው።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ሞባይል ስጠግን 14 ዓመት ሆኖኛል። ከጠዋት እስከ ማታ በእጄ የሚያልፈው የሰው ታች ስክሪን ስልክ ነው፤ የኪሴ ስልክ ግን ባለ ቁልፏ ናት። ባትሪዋ ያ ሁላችንም የምናውቀው፣ በየሬዲዮኑ ውስጥ የሚገባው ቢ ኤል 5 ሲ ሲሆን፣ አንዴ ቻርጅ ካደረግኋት ሳምንት ልትደፍን ምንም አይቀራት። በጉባኤው ላይ አንድ ወንድማችን «ስልክ ጠጋኙ ራሱ ስልክ የለውም» ብሎ ሲቀልድ እኔም አብሬ ስቄአለሁ። በሰፈራችን ቁርጥ የማይበላ ባለ ልኳንዳ አለ፤ ለምን ሲባል «ስለማውቀው ነው» ይላል። የእኔም ነገር ከዚያው ነው። ኋላ ቀር ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ ምርጫዬ ካለማወቅ የመጣ አለመሆኑን እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ሰው ስልኩን ለጥገና ሲሰጠኝ የይለፍ ቃሉን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ በስልኩ ጀርባ ላይ በፕላስተር ይለጥፍልኛል። ይህ እምነት ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል። ስክሪን ቀይሬ ስልኩን ሳበራው ተጠራቅሞ የቆየው መልእክት ሁሉ ይዘንባል፤ የሐኪም ቀጠሮ፣ የብድር ማስታወሻ፣ ከአረብ አገር ያለች ልጅ ድምፅ። ስለዚህ ስልኩ ተነሥቶ እስኪረጋጋ ድረስ በፊቱ ደፍቼ ማስቀመጥ ልማዴ ሆኗል። ታዲያ እኔ የማላየውን ነገር ስልኩ ውስጥ ያሉት መተግበሪያዎች ያዩታል። ሴቲንጉን ከፍቼ ለባለቤቱ ሳሳየው፣ የእጅ ባትሪ ለማብራት ብቻ የተጫነ መተግበሪያ የስም ዝርዝሩንና ሎኬሽኑን የማየት ፈቃድ ተሰጥቶት አገኘዋለሁ። ይህ የእኛ አገር ብቻ ጉድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በብዙ ሚሊዮን ሰዎች የተጫነ አንድ የእጅ ባትሪ መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሲያስተላልፍ መቆየቱን ይፋ አድርጎ ከሷል። የእኔ ስልክ የእጅ ባትሪ ከላይ በኩል ያለች ትንሽ አምፖል ናት፤ ቁልፏን ስጫናት ታበራለች፣ ሌላ ሥራ የላትም።

እውነቱን ለመናገር ባለ ቁልፏም ብትሆን ከዓይን አትሰውርም። ሲም ካርዷ በስሜ ነው፤ የት አካባቢ እንዳለሁም ኔትወርክ በሚሰጣት ማማ በኩል በግምት ይታወቃል። የመረጥኳትም ለመደበቅ ብዬ አይደለም፤ የማያስፈልገኝን ነገር ለማላውቀው ሰው እንዳላስረክብ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ስም ጥሪው ልምጣ። ዛሬ ባለው ሥርዓታችን ቀብር ሲጠናቀቅ ጸሐፊያችን ዛፍ ሥር ቆመው ስም ይጠራሉ፤ የቀረ ይቀጣል። የተቀጣ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ምክንያቱን ያቀርባል፣ ዳኛውም ያመዛዝናሉ። ሚስቱ ሆስፒታል የተኛችበት ሰው አልተቀጣም፤ «ቡና ለቀማ ላይ ነበርኩ» ያለውም ከፊል ምሕረት አግኝቷል፤ ሁለት ጊዜ ያንኑ ምክንያት ያቀረበው ደግሞ ሁለተኛው ላይ ተስቆበት ከፍሏል። የሎኬሽኑ አሠራር ይህን ሁሉ አያውቅም። በሥራዬ እንደማየው ከሆነ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያና ዛፍ ጥላ ሥር ሎኬሽን ይንሸራተታል፤ ብልጡ አባልም ስልኩን በልጁ እጅ ልኮ እሱ ሱቁን ከፍቶ ይውላል። ይህ ግን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ነገር መተግበሪያው በቀብር ሰዓት ብቻ እንዲሠራ አለመደረጉ ነው፤ እኔ ባየሁት መልኩ ሎኬሽኑ «ሁልጊዜ» በሚለው ላይ ነው የተቀመጠው። ሰው ሐሙስ ሂርማታ ገበያ መዋሉን፣ በየስንት ቀኑ የትኛው ክሊኒክ እንደሚሄድ፣ ማታ የት እንደሚያመሽ እድሩ ለምን ይወቅ? እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ስትራቫ የተባለው የሯጮች መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን እንቅስቃሴ አንድ ላይ አጠራቅሞ ባወጣው የዓለም ካርታ ላይ፣ ካምፕ ውስጥ ስፖርት የሚሠሩ ወታደሮች ዱካ ምስጢራዊ የጦር ሰፈሮችን አጋልጦ መገኘቱ ብዙ አነጋግሮ ነበር። ካርታውን ያወጡት ሰዎች ያን አላሰቡም፣ ወታደሮቹም አላሰቡም።

በጉባኤው ላይ «አባሉ ራሱ ተስማምቶ ነው የሚጭነው» ተብሏል። አልፈልግም ያለ ሰው ምን ይሆናል ብዬ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ግን «እንደ ቀሪ ይቆጠራል» የሚል ነው። ቀሪ ይቀጣል፤ ቅጣቱ የተደራረበበት ከእድር ይሰረዛል፤ ከእድር የተሰረዘ ሰው ቤቱ ሬሳ ተኝቶ ድንኳን የሚተክልለት የለም። እንግዲህ እንዲህ ባለ ሁኔታ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን መጫን መስማማት ነው ትላላችሁ? ስዊድን ውስጥ ሼሌፍቴዮ በተባለች ከተማ አንድ ትምህርት ቤት 22 ተማሪዎችን በፊታቸው እየለየ በክፍል መገኘት አለመገኘታቸውን ለጥቂት ሳምንታት መዝግቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ከተማዋን 200,000 ክሮነር ቀጣት። ወላጆቹ ፈቃድ ሰጥተዋል የሚለውን መከራከሪያ አልተቀበለውም፤ ተማሪው በትምህርት ቤቱ እጅ ላይ ስላለ ፈቃዱ ነፃ ፈቃድ ሊባል አይችልም አለ። የእድርተኛ ጉዳይ ከዚያ ተማሪ ጉዳይ የሚብስ እንጂ የሚያንስ አይደለም።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ደንግጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ፈቃድ በነፃነት የተሰጠ እንዲሆን፣ የሚሰበሰበውም ለተባለው ዓላማ ከሚያስፈልገው እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ እንደ ፊትና አሻራ ያለውን የሰውነት መለያ መረጃም ልዩ ጥንቃቄ ከሚሻው ወገን መድቦታል። እድራችን ይህን መረጃ በሰበሰበ ማግስት ጠባቂው እኛ ነን፤ ቢወጣ ተጠያቂውም እኛ ነን። ፋይዳ አውጥቻለሁ፣ አሥር ጣቶቼንም ዓይኔንም ሰጥቻለሁ፣ በእሱ ቅሬታ የለኝም፤ የመታወቂያዬ ፎቶ በእድር ኮሚቴ ስልኮች ላይ የሚዞርበት ምክንያት ግን አልታየኝም። ፓስወርድ ቢሰረቅ ይቀየራል። ፊት አይቀየርም።

ስለ ጥሩምባው የምለው ከሁሉ ይረዝማልና ታገሡኝ። ሞት በማንና እንዴት እንደሚነገር በእኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። መርዶ ጎህ ሳይቀድ፣ ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመድ ተሰብስበው በር አንኳኩተው የሚነግሩት ነገር ነው፤ ሰውዬው ብቻውን እንዳይሰማው፣ ልበ ደካማ ካለ አጠገቡ ሰው እንዲቀመጥ፣ ሩቅ ያለ ልጅ በወዳጁ በኩል እንዲሰማ ተብሎ ይመከርበታል። ጥሩምባ ነፊያችን ይህ ማለቁ ሳይነገራቸው ከቤታቸው አይወጡም፤ ሲወጡም ከሁሉ አስቀድመው ሐዘንተኛው ደጃፍ በኩል ያለውን መንገድ ይተዉና በላይ በኩል ዞረው ይጀምራሉ። ነፍሰ ጡር ካለችበት አጥር ሲደርሱ ጥሩምባቸውን ከአፋቸው አውርደው በዝምታ ያልፋሉ። ይህን ማንም አልጻፈላቸውም። ለሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ የሚደርስ መልእክት ግን ማን መጀመሪያ መስማት እንዳለበትና ማን ፈጽሞ እንዲህ መስማት እንደሌለበት አይለይም።

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት ስክሪኑ የደቀቀ ስልክ ይዛ ሱቄ መጣች። ከተሰበረ ሁለት ወር እንዳለፈው ነገረችኝ፤ አልቸኮለችበትም ነበር። ስልኩን የጣለችው ሥራ ቦታዋ ላይ ሳለች የአባቷን ሞት በአንድ ግሩፕ ላይ ከፎቶው ጋር ተለጥፎ ባየችበት ቅጽበት ነው። የለጠፉት ሰዎች ክፋት አልነበራቸውም፤ ቶሎ ይሰማ ብለው ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ማታ ወንድሟ እስኪደርስ ጠብቀው ሊነግሯት ተቀጣጥረው ነበር። ስክሪኑን ቀይሬ እንደ ልማዴ ስልኩን ደፍቼ አበራሁት፤ እሷ ግን ሠርቶ እንደሆነ ልታይ አንሥታ ገለበጠችው። መጀመሪያ የወጣው ያው ፎቶ ነበር። የጥገናውን ሒሳብ አልጠየቅኋትም፤ እሷም ሳትጠይቀኝ ወጣች።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቀብሩ ሳይውል ሳያድር ስለሚፈጸም ወሬው ቶሎ ሊደርስ እንደሚገባ በጉባኤው አንሥተዋል፤ ትክክል ናቸው። ለዚያም ቢሆን እስከ ዛሬ ያገለገለን ሰው ለሰው መደዋወል ነው፤ ደዋዩ ድምፁን ሰምቶ «ተቀምጠሻል ወይ? አጠገብሽ ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ደግሞም በሰኔ 2012 ማለቂያ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥና ለሳምንታት ሳይመለስ ሲቆይ፣ የእኛ ጥሩምባ ሥራውን አላቋረጠም።

ካሜራውን በተመለከተ ብዙ አልልም። በዕቃ ቤታችን ያለው ሁለት ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሰሐን ነው፤ ቁልፉም ሁለት ነው፣ በሁለት ሰዎች እጅ። ባለፈው ዓመት ጠፋ ተብሎ ሰፈሩን ያነጋገረው ብረት ድስት ሠርግ ቤት ተገኝቷል፤ ያዋሰው አሁን ካሜራ ይተከል ከሚሉት አንዱ መሆኑን እዚህ ላይ ባልጠቅሰው ይሻል ነበር። ቁም ነገሩ ካሜራው የሚያየው ዕቃውን ብቻ አለመሆኑ ነው። በዚያ ግቢ እናቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይመታሉ፣ ይወድቃሉ። ሪንግ የተባለው የአማዞን የቤት ካሜራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ 5.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል የተደረገው ሠራተኞቹ የደንበኞችን የግል ቪዲዮ ያለ አግባብ ማየት ይችሉ ስለነበር ነው። ወደ እኔ ሱቅ የሚመጡት ርካሽ ካሜራዎች ደግሞ ከፋብሪካ የወጡበት ፓስወርድ እንኳ ሳይቀየር ዓመታት የሠሩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው በእነዚሁ ባልተቀየሩ ፓስወርዶች ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለኮሚቴው አለኝ። መተግበሪያውን የሠራው ልጃችን ነገ ጥሩ ሥራ አግኝቶ ከጅማ ቢሄድ፣ እንዲያገኝም እመኛለሁ፣ መረጃው የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር፣ የሰርቨሩን ኪራይ ማን ይከፍላል? ቁልፉስ በማን እጅ ይቀራል? ስማርት የቤት ዕቃዎችን የሚያገናኝ ሪቮልቭ የሚባል በ300 ዶላር ይሸጥ የነበረ መሣሪያ ነበር፤ የገዛው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሰርቨሩን ሲዘጋው በየሰው ቤት ያለው ሁሉ በአንድ ቀን የማይሠራ ሳጥን ሆኖ ቀረ። የእድራችን የመጀመሪያው ደብተር ግን ጠርዙን አይጥ ቢቀምሰውም ዛሬም ይነበባል፤ የመሥራቾቹ ስም በቀለም ብዕር ተጽፎበታል፣ ከነሱም የአያቴ ስም አንዱ ነው።

በስልክ መክፈልን አልቃወምም። እኔም በዚህችው ባለ ቁልፍ ስልኬ *127# ደውዬ በቴሌብር ስንት ሒሳብ እከፍላለሁ፤ ከከተማ ውጪ ያሉ አባላትም በዚሁ ቢከፍሉ ደስታዬ ነው። ጸሐፊያችን የሒሳቡን ድምር በኮምፒውተር ቢይዙም መልካም ነው። የምለምነው ይህን ያህል ነው፦ ደብተሩ ዋና መዝገብ ሆኖ ይቀጥል፤ በእጅ መክፈል የሚፈልግ በእጁ ይክፈል፤ መተግበሪያውን የሚፈልግ ሰው ብቻ ይጫነው፣ ያልጫነም እንደ ቀሪ አይቆጠር። ፊት፣ የመታወቂያ ፎቶና ሎኬሽን ከእነጭራሹ አይሰብሰቡ። ካሜራው ይቅር፤ የዕቃ ቤቱን በር ማጠናከር ካስፈለገ ወጪውን ለመካፈል ዝግጁ ነኝ። መልእክት የግድ ይላክ ከተባለም ሽማግሌዎች መርዶው መነገሩን አረጋግጠው ሳይፈቅዱ አንድም ፊደል አይውጣ።

ለልጃችንም፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ ከጉባኤው በፊት በአንዱ እሑድ ሱቄ ብንገናኝ ስለ መተግበሪያው የማውቀውን ላካፍለው እወዳለሁ። ሎኬሽኑንና ፎቶውን አውጥቶ የሒሳብ ደብተር ብቻ ቢያደርገው እኔ ራሴ ስልክ ለሚያስጠግኑኝ ደንበኞች ሁሉ በነፃ እጭነዋለሁ።

የዚህን ወር መዋጮ 100 ብር ትናንት ለገንዘብ ያዣችን በእጃቸው ሰጥቼ ደብተሬ ላይ አስፈርሜያለሁ። ብዕራቸው ቀለም ጨርሶ ስለነበር ከጎረቤት ሱቅ ተውሰን ነው የፈረሙት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የእድሩ አባልና ሞባይል ጠጋኝ
መርካቶ፣ ጅማ